መርዙን «መድኃኒት» ማለት የጀመርነው መቼ ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ሲኖራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽምብራው ላይ ጓይ ትል የገባበት ገበሬ ማክሰኝት ሲወጣ «መርዝ ሽጥልኝ» አይልም። «የትል መድኃኒት አለህ?» ነው የሚለው። ነጭ ሽንኩርቱን ዋግ ሲመታው «የዋግ መድኃኒት»፣ ጤፉን አረም ሲያስቸግረው «የአረም መድኃኒት»፣ ጎተራው ውስጥ ነቀዝ ሲገባ «የነቀዝ መድኃኒት»። ፈረንጆቹ «ፔስቲሳይድ» ይሉታል፤ ቀጥታ ትርጉሙ «ተባይ ገዳይ» ነው። ቃሉ ራሱ ገዳይነቱን ይናገራል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን መድኃኒት ሆነ።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒት የተባለን ነገር ማን ይፈራል? መድኃኒት ከቤት ይቀመጣል፣ በእጅ ይያዛል፣ ትንሽ በዛ ቢል «ይበልጥ ያድናል» ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ አሁን በየማሳው የምናየው አያያዝ ግማሹ ከዚህ ስም የመጣ ነው። ስሙ ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም፤ ታሪክ አለው። የታሪኩ ትልቁ ክፍል የተሠራውም እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ደምቢያ ላይ ነው።

ከኬሚካሉ በፊት

አያቶቻችን ተባይን አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። አንበጣ ሲመጣ ቆርቆሮ እየመቱና ጭስ እያጨሱ ያባርሩ ነበር፤ ምሕላ ይያዝ ነበር። እህል ሲያስቀምጡ አመድ ይቀላቅሉበታል። ሽምብራና ባቄላን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያስቀምጡ ነበር፤ ጤፉ ደቃቅ ስለሆነ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፣ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። አዝመራ ያፈራርቃሉ፣ ደጋግመው ያርሳሉ፣ በእጅ ያርማሉ። ድካም ነው፣ ሁልጊዜም አይሠራም። በክፉ ቀን ጊዜ፣ ከ1888 እስከ 1892 ድረስ፣ የከብት በሽታውና ድርቁ ላይ አንበጣና ተምች ተጨምሮ ሕዝቡ እንዴት እንዳለቀ ክፍል ውስጥ ተምረናል።

መርዝ የሆነ ዕፅም እናውቃለን። እንዶድን ተመልከቱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከሥር በኩል ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳየ። ግን አያቶቻችን እንዶድን «መድኃኒት ስለሆነ አይጎዳም» አላሉም። ሲወቅጡት ዓይን እንደሚያቃጥል፣ እንስሳ ቢበላው እንደሚጎዳው አውቀው ነው የያዙት። ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣ ነገር ከነጥንቃቄው ነው የሚመጣው። ችግሩ የጀመረው ዕቃው መጥቶ ጥንቃቄው ሳይመጣ ሲቀር ነው።

ደምቢያ፣ ወባና ዲዲቲ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1940ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ላይ ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 የተከፈተው በዚህ ዓይነቱ መከራ ማግስት ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ መሆኑ ነው። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ከዚያ የባሰ መጣ። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ስለነበር ወባ ከቆላው ወጥታ ወደ ደጋማው ወጣች። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በአገሪቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ ወደ 150,000 ሰው ሞተ ተብሎ ነው የተገመተው። እስቲ አስቡት፣ 150,000 ሰው በግማሽ ዓመት!

ደምቢያ ቀደም ብሎ የዲዲቲ ርጭት ከተሞከረባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነበር፤ ቆቦም እንዲሁ። በ1959 ደግሞ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ርጭቱ በአገር ደረጃ ተስፋፋ። ረጪዎቹ መርጫቸውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳውን በዲዲቲ ይመቱት ነበር። ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ትሞታለች። ከትንኟ ጋር ትኋኑና ቁንጫውም አብሮ ይሞታል። ለገጠሩ ሰው ይህ ተአምር ነበር። ልጆቹ ከሞት ተረፉ፣ ሌሊቱን ያለ ትኋን ተኛ።

እና ይሄን ነገር ምን ብሎ ይጥራው? መድኃኒት ነዋ! የመጣው ከጤና ሰዎች እጅ ነው፣ የሰው ሕይወት አድኗል። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ያገኘው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፖል ሙለር በ1948 ኖቤል ሲሸለም፣ ሽልማቱ በኬሚስትሪ አልነበረም። በሕክምና ነው! ዓለምም መድኃኒት ብሎታል።

የደምቢያ ገበሬ አልተሳሳተም ማለቴ ነው። ባየው ነገር ፈረደ።

አንድ ሽማግሌ ያሉኝ

አንድ ጊዜ አንድ አባት ቲማቲማቸውን ሊረጩ ሲሉ አገኘኋቸው። ኬሚካሉን ባልዲ ውስጥ በባዶ እጃቸው እያማሰሉት ነው።

«አባቴ፣ እንጨት ቢጠቀሙ አይሻልም? እጅዎን ይጎዳዎታል» አልኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «በጃንሆይ ጊዜ የወባዎቹ ሰዎች ቤታችንን እየረጩልን ተኝተንበታል። እንዲያውም ልጆች ሆነን ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጩን ዱቄት በጣታችን እንነካካው ነበር። ምን ሆንን? ይኸው አለን።»

ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ምክንያቱም የአባታችን ሙግት ባዶ አይደለም፤ ማስረጃ አለው። ዲዲቲ የነካውን ሰው እዚያው የሚጥል መርዝ አይደለም። ክፋቱ ሌላ ነው፦ አይበሰብስም። አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በተደረገ ጥናት በእናቶችም በላምም ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል። ጥናቱ የታተመው በ2013 ነው።

ችግሩ አባታችን ባልዲው ውስጥ ያለው ዲዲቲ አለመሆኑ ነው። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ዘሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ዘር

በ1936 ጀርመን አገር ገርሃርድ ሽራደር የሚባል ኬሚስት አዲስ የተባይ ማጥፊያ ሲፈልግ አንድ ነገር አገኘ። ነገሩ ለሰው እጅግ አደገኛ ስለነበር የጦር ሠራዊቱ ወሰደው። «ታቡን» የሚባለው የነርቭ ጋዝ እሱ ነው። ከዚሁ የኬሚካል ቤተሰብ፣ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው፣ ደከም ያሉት ለእርሻ ዋሉ። ማላታይን፣ ዳይመቶኤት (ገበሬው «ሮገር» የሚለው)፣ ፕሮፌኖፎስ፣ ክሎርፓይሪፎስ ሁሉም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ኃይላቸው ይለያያል፣ አሠራራቸው ግን አንድ ነው።

ሰውነታችን ውስጥ ነርቭ ለጡንቻ «ተንቀሳቀስ» ብሎ መልእክት ሲልክ፣ መልእክቱን ሥራው ሲያልቅ የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። እነዚህ ኬሚካሎች ያንን ኢንዛይም ያስሩታል። መብራት ማጥፊያው እንደተበላሸ ቤት አስቡት፤ በርቶ ይቀራል። ምራቅ ይዝረበረባል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ የዓይን ብሌን ትጠባለች፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያስመልሳል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥራል። ደግሞ ለመግባት አፍ አይፈልጉም። በቆዳ ይገባሉ። ባላበው ቆዳ ደግሞ የበለጠ ይገባሉ።

እንግዲህ የአባታችንን ሙግት አሁን ተመልከቱት። በዲዲቲ ዘመን የተማሩትን ትምህርት ፈጽሞ ለሌላ ኬሚካል እየተጠቀሙበት ነው። ማን ነገራቸው? ማንም። ዕቃው ተቀየረ፣ ስሙ አልተቀየረም።

ከሰፋፊ እርሻ ወደ ሁለት ጥማድ መሬት

ይህ ነገር ገበሬው እጅ የገባው እንዴት ነው? በየደረጃው ነው።

መጀመሪያ አንበጣ። በ1958፣ ያ የወባው ዓመት፣ አንበጣው ራሱ 167,000 ቶን እህል እንደበላ ይጠቀሳል። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ኬሚካል በአውሮፕላን መርጨትም ተለመደ።

ቀጥሎ ሰፋፊ እርሻ። በ1960ዎቹ አዋሽ ሸለቆ ላይ ተንዳሆና ሌሎች የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ጥጥ ደግሞ በዓለም ላይ ብዙ ኬሚካል ከሚጠጡ ሰብሎች አንዱ ነው። በደርግ ጊዜ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ፣ ርጭቱ ቀጠለ።

ከዚያ አነስተኛው ገበሬ። በ1967 አርሲ ላይ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ ልማት ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በ1971 «ሚኒመም ፓኬጅ» የሚባለው መጣ፤ በ1990ዎቹ የኤክስቴንሽን ፓኬጁ በየቀበሌው ገባ። ዋናው ነገር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቢሆንም «ቱፎርዲ» የሚባለው የአረም ማጥፊያም አብሮ ተለመደ። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ሲስፋፋ ደግሞ የተባዩ ኬሚካል ከዚያ በላይ መጣ። በ2017 ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች አገራችን ሲገባ፣ በ2019 እና በ2020 ደግሞ ከ25 ዓመት ወዲህ የከፋ የተባለው አንበጣ ሲመጣ፣ ርጭት የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆነ።

አሁን ሕጉን እዩት። ዲዲቲ በ1950ዎቹ ገባ ብለናል። ጸረ-ተባይን የሚመለከት ራሱን የቻለ ሕግ፣ ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20፣ የወጣው በ1990 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ! የጸረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ደግሞ የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። ኬሚካሉ ቀድሞ ገባ፣ ሕጉ ዘግይቶ ተከተለ፣ ትምህርቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ያ ሠላሳ ዓመት ምን ጥሎ እንደሄደ ታውቃላችሁ? በአገሪቱ በየመጋዘኑ በሺዎች ቶን የሚቆጠር ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ተከማችቶ ተገኘ። አንዳንዱ በርሜሉ ዝጎ የሚያፈስ፣ አንዳንዱ ምን እንደሆነ እንኳ ጽሑፉ የጠፋ። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ከ2000 ጀምሮ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው ታሽጎ ለመቃጠል ፊንላንድ ድረስ ሄደ። መድኃኒት ያልነውን ነገር ለመጣል አገራችን ውስጥ ቦታ አልነበረንም።

ዲዲቲ ራሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 «ወባን ከዓለም እናጠፋለን» ብሎ ተነሳ፤ በ1969 ዕቅዱን ተወው። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ለእርሻ ከለከለች። የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ወሰነ፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች። እኛ ጋር ትንኟ ራሷ ዲዲቲን ስለለመደችው በ2009 ገደማ ለወባ መርጨቱም ቀረ። ግን እስከዚያ ድረስ ለወባ የመጣው ዲዲቲ እየተንጠባጠበ ወደ ማሳና ወደ ጫት መግባቱ ብዙ ጊዜ የተጻፈበት ነገር ነው።

ገበሬው አያውቅም ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው «ገበሬው ግንዛቤ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አልስማማም። በስምጥ ሸለቆ አትክልት አምራቾች ላይም ሆነ በሌላ ቦታ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ነገር አለ፦ አብዛኛው ገበሬ ኬሚካሉ ጤና እንደሚጎዳ ያውቃል፤ የሚለብሰው መከላከያ ግን የለውም። ማወቅና ማድረግ የተለያዩ ናቸው።

ለምን? ኬሚካሉን በሙሉ ዕቃው ለመግዛት አቅም የለውም፤ ስለዚህ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀንሶ ይገዛል። በሃይላንድ ሲመጣ ደግሞ ጽሑፍ የለውም፣ ቀለም የለውም። ዋናው ዕቃ ላይ ከታች በኩል የቀለም መስመር አለ፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ማለት ነው። ሃይላንዱ ላይ ግን ያለው የውሃ ሥዕል ነው። ልጅ ሲጠማው ምን ያደርጋል? እግዜር ያሳያችሁ።

ልኩንስ በምን ይለካዋል? በክዳን፣ በቡና ስኒ፣ በግምት። «ባለፈው አልሠራም» ካለ ይጨምርበታል፣ ወይም ሁለት ዓይነት ይቀላቅላል። ተባዩ ደግሞ እንደ ትንኟ ይለምደዋል፤ ሲለምደው መጠኑ ይጨምራል። ደምቢያ ላይ የሆነው ታሪክ በየማሳው እየተደገመ ነው።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቼ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ርጭት ሠርተው ደብተርና ጫማ የሚገዙ ልጆች አሉ። ሰኞ ጠዋት ራሱን ይዞ፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። «ምን ሆንክ?» ስለው «ትናንት መድኃኒት ስረጭ ዋልኩ ቲቸር» ይለኛል። አያችሁ? መድኃኒት ሲረጭ ውሎ ታመመ። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ አይጋጭም?

ደግሞ እሸቱ አለ። ጓይ ትል ሽምብራን የሚያጠቃው እሸቱ ሲያዝ ነው፤ ርጭቱም ያን ጊዜ ነው፤ እኛም እሸቱን የምንበላው ያን ጊዜ ነው፣ ያውም ጥሬውን። እያንዳንዱ ኬሚካል ከተረጨ በኋላ እስኪበላ ድረስ የሚጠበቅ ቀን አለው፤ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ዛሬ የተረጨ ማሳ ነገ እሸት ከተነቀለበት መርዙ የሚያርፈው ትሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ እኛና ልጆቻችን ላይም ነው። ዝናብ ያጠበው ደግሞ በወንዙ ወርዶ ጣና ይገባል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 385 ሚሊዮን ሰው ሳያስበው በእነዚህ ኬሚካሎች እንደሚመረዝ ገምቷል፤ አብዛኛው ገበሬና የእርሻ ሠራተኛ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ውድ ልብስ መግዛት ለማይችል ሰውም የሚሆን ነገር አለ፦

— በባዶ እጅ አታማስሉ። እንጨት ብዙ ነው።
— እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ቦት ጫማ አድርጉ። ፊት ላይ የተጠመጠመ ፎጣ ከረጠበ መርዙን አፍንጫ ሥር ይዞ ይቆያል፤ ቶሎ ቀይሩት።
— ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ርጩ። ቀትር ላይ ላብ አለ።
— የመርጫው አፍ ሲደፈን በአፋችሁ አትንፉት።
— ስትጨርሱ ወዲያው ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ። የርጭት ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።
— ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩት፤ ዕቃውን ብሱት። የጠላም የዘይትም የውሃም መያዣ አይሆንም።
— የነቀዝ ክኒን የተደረገበት እህል ባለበት ቤት ሰው አይደር። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ይሆናል።
— ወተት ማርከሻ አይደለም! ብዙ ሰው ረጭቶ ሲመለስ ወተት ይጠጣል፤ መርዙን አያወጣውም። ያመመው ሰው ካለ ልብሱን አውልቃችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ፣ የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ለኦርጋኖፎስፌት ሐኪም የሚሰጠው አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ። እውነተኛው መድኃኒት ያ ነው።

ነፍሰ ጡርና ልጅ ደግሞ ከርጭት ማሳ ይራቁ። በዚህ ክርክር የለም።

በመጨረሻ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ አስተማሪ መቼም ልማዱ አይለቀውም። የልማት ሠራተኛ የሆናችሁ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ የእርሻ ዕቃ የምትሸጡ፣ አርሳችሁ የምትኖሩ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ። ከነገ ጀምሮ አንድ ቃል ቀይሩ። ገዢው መጥቶ «መድኃኒት አለህ?» ሲል «አዎ፣ መርዙ አለ» በሉት። ቤት ውስጥ ለልጆቻችሁ «መርዝ ነው፣ አትንኩ» በሉ። አባቶቻችን መድኃኒት ሲሉት ምክንያት ነበራቸው፤ ከሞት ያዳናቸውን አይተው ነው። እኛ ያየነው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ስሙን መቀየር የእኛ ፋንታ ነው።

በየአካባቢያችሁ ይህን ነገር ምን ብላችሁ እንደምትጠሩትና ሽማግሌዎች ስለ ወባ ርጭቱ ዘመን ምን እንደሚሉ ከሥር ጻፉልኝ፤ ለክፍሌ ልጆች አነብላቸዋለሁ። ለገበሬ ቤተሰብ ይደርስ ዘንድ አጋሩት፤ ማንበብ ለማይችሉትም አንብቡላቸው።

ሰላም ሁኑልኝ።